የልጆች ማቆያ ከማደሳችሁ በፊት ልጆቹ የት እንደሚያድሩ እወቁ

በአንድ የክልል ከተማ አስተዳደር የግንባታ ክፍል ውስጥ ስሠራ፣ ከማረሚያ ቤቱ አጥር አጠገብ ያለውን የወጣት ጥፋተኞች ማቆያ እድሳት ያቀድኩት እኔ ነኝ። ዲዛይኑም፣ ቢኦኪውም (የሥራና የዕቃ መጠን ዝርዝሩ)፣ የጨረታ ሰነዱም፣ የጊዜ ሰሌዳውም በእጄ አልፏል። ሕንፃው ዛሬ ጣሪያው አያፈስም፣ ውሃ አለው፣ በሮቹ ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ። በዚህ እኮራለሁ። እድሳቱ ሲካሄድ ልጆቹን ያስቀመጥንበት ቦታ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሌላ ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲያነበው ብዬ ነው የምጽፈው።

ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። ነባሩን ሕንፃ ለክታችሁ ፕላኑን አዲስ ሳሉ፤ መዝገብ ቤት ያለው አሮጌ ፕላን ከመሬት ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ልስኑን በአምስትና ስድስት ቦታ ፈልፍላችሁ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ጭቃ እዩ። ጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ያለ ሽቦ መረብ ሁለት ክረምት አይሻገርም። የሕዝብ ሕንፃ ስለሆነ በ2001 በወጣው የሕንፃ አዋጅ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ፈቃዱን መንግሥት ነን ብላችሁ አትዝለሉት። በጀቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ጨረታው ሦስት ወር ይበላል። ስለዚህ ጣሪያ ለመክፈት ያላችሁ ደረቅ ጊዜ ከኅዳር እስከ መጋቢት ብቻ ነው።

የአልጋ ቁጥር ላይ ግን ቆም በሉ። አለቆቻችን የፈለጉት የዓመቱን አማካይ ነበር። አማካይ ማለት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ቀን ልጆች መሬት ላይ ያድራሉ ማለት ነው። የ24 ወር የቀን ቆጠራ መዝገብ አውጥታችሁ ቀኖቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ፤ ከ100 ቀን 95ቱን የሚሸፍነውን ቁጥር ያዙ። ከዚያ በቡድን ከፋፍሉት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ላሉት ልዩ እርምጃዎችን ያስቀምጣል፤ ከ15 በላይ ሆነው 18 ያልሞላቸውን ደግሞ በመደበኛው ሕግ ሥር አድርጎ ቅጣቱን የማቅለል ሥልጣን ለዳኛው ይሰጣል። በዚህ ላይ ወንድና ሴት አለ፣ በቀጠሮ ላይ ያለና ውሳኔ ያገኘ አለ። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ክፍል ያስፈልገዋል። የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ሦስት አልጋ ባዶ ቢሆን ለወንዶቹ አይጠቅምም። ስለዚህ በወረቀት ላይ 40 አልጋ ያለው ቤት በተግባር 40 ልጅ አይይዝም፤ 34 ከያዘ ጥሩ ነው።

ለክፍል ስፋት ቀይ መስቀል ለእስር ቤቶች የሚመክረውን መነሻ አድርጌያለሁ፤ በጋራ ማደሪያ ለአንድ ሰው 3.4 ካሬ ሜትር ነው። የእኛ ክፍል 6 በ4.5 ነበር፤ 27 ካሬ ሜትር። ሲካፈል ስምንት አይሞላም። ስለዚህ ሰባት አልጋ። በፊት 14 ልጅ ነበር የሚያድርበት። ስምንተኛውን አልጋ አስገቡልን የሚል ደብዳቤ ሦስት ጊዜ መጥቶልኛል፤ አልፈረምኩም። ስምንት የፈቀደ መሐንዲስ በዓመቱ አሥር ያገኛል።

ስለ በሮች የምለውን በቁም ነገር ያዙት። ነባሩ ቤት ስድስት ክፍል፣ ስድስት ጓጉንቸር፣ ስድስት የተለያየ ቁልፍ ነበረው፤ ሌሊት የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው። መብራት አጥፍተን ሁሉንም ክፈት ብለን በሰዓት ያዝነው፤ ከአራት ደቂቃ በላይ ፈጀ። የስፖንጅ ፍራሽ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። በ2009 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ጓቲማላ ውስጥ በመንግሥት የልጆች መጠለያ በር ተቆልፎባቸው ሳለ ፍራሽ ተቀጣጥሎ 41 ልጃገረዶች ሞተዋል። እኔ ጓጉንቸርን ከሥራ ዝርዝሩ አውጥቼ በግድግዳ በኩል የሚገባ ቁልፍ አደረግሁ፤ ሁሉም በር በአንድ ቁልፍ፣ መለዋወጫው ደግሞ ከማደሪያው ውጪ በታወቀ ሳጥን። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ከውስጥ አልጋ ተደግፎበት ይቀራል። ከሁለቱም ጫፍ መውጫ የሌለው ኮሪደር አትቀበሉ።

ልጅ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ሁሉ ከክፍሉና ከመታጠቢያው ይውጣ፤ የልብስ መስቀያ፣ የተጋለጠ ቧንቧ፣ ወጣ ያለ የሻወር ራስ፣ እጅ የሚደርስበት ፍርግርግ። ቧንቧውን ግድግዳ ውስጥ ቅበሩት የሚለው የተለመደው መልስ ግን ግማሽ ነው፤ ሲያፈስ ግድግዳ ይፈረሳል። ቧንቧውንና መዝጊያ ቫልቮቹን ከመታጠቢያው ጀርባ ወዳለ 80 ሳንቲ ስፋት ያለው ጠባብ መተላለፊያ አውጡ፤ ሠራተኛው ልጆቹ መካከል ሳይገባ ከውጭ ይጠግናል። ለውሃ በልጅ በቀን 50 ሊትር፣ ለ40 ልጅ 2,000 ሊትር አሰብኩ። ውሃ በሳምንት ሁለቴ በሚመጣበት ከተማ ቢያንስ የአራት ቀን ማከማቸት ግድ ስለሆነ ባለ 5,000 ሊትር ሁለት ታንከር አስቀመጥን። ሁለቱ ሲሞሉ አሥር ቶን ናቸው፤ አሮጌ ጣሪያ ላይ አይወጡም፣ የራሳቸው መቆሚያ ይሠራላቸው።

አሁን ወደ ተበላሸው ልምጣ።

በዕቅዴ ውስጥ የነበረው አንድ መስመር ነው፤ «ልጆቹ ባሉበት ሥራው በምዕራፍ ተከፋፍሎ ይሠራል»። ይህን ዓረፍተ ነገር የምታገኙት በየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ነው። ለትምህርት ቤት ይሠራል፣ ለጤና ጣቢያም ይሠራል። ለልጆች ማቆያ አይሠራም። ምክንያቱም ትንሽ ማቆያ አንድ የውሃ መስመር፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ በር ነው ያለው። ግማሹን ስትዘጉ ሌላው ግማሽ አብሮ ይዘጋል።

ተጠባባቂ ቦታ አልነበረንም ማለት አይደለም። ከሌላ መሥሪያ ቤት አንድ የወጣቶች ማዕከል እንደሚሰጠን በስብሰባ ተነግሮናል፤ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፣ ተፈርሟል። እኔ ያንን ይዤ ውሉ እንዲፈረም አደረግሁ። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ቃለ ጉባኤ ሕንፃ አያስረክብም፤ ቁልፉ በእጃችሁ ካልገባ ቦታው የላችሁም። ውሉ ሲፈረም በ15 ቀን ውስጥ ግቢውን ለተቋራጩ ማስረከብ ግዴታችን ሆነ። አንድ ሳምንት ሲቀረው ማዕከሉ ውስጥ ሥልጠና እየተሰጠ ስለሆነ አይቻልም የሚል ስልክ ተደወለ። ደብዳቤ እንኳን አልጻፉም። የፈረመው ኃላፊ በስብሰባ ላይ ነው እየተባለ አራት ቀን ተመላለስኩ።

ተቋራጩ ሰዓቱን ያውቃል። በ16ኛው ቀን ሠራተኛና ማሽን ሥራ ፈትቶብኛል የሚል የካሳ ጥያቄ አስገባ፤ በውሉ መሠረት ትክክል ነበር። ከበላይ ደግሞ ግቢውን ካላስረከባችሁ ሰኔ 30 ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል ተባለ። በሁለቱ መካከል ተጨንቀን ልጆቹን በግማሹ ሕንፃ አጨቅናቸው። ዘጠኝ ቀን ቆየ። የውሃ መስመሩ ሲቆረጥ ሁለት ቀን በጀሪካን አመላለስን። የመማሪያ ክፍሉ የሲሚንቶ ማከማቻ ሆነ። በፍተሻ ከፍራሽ ሥር የማሰሪያ ሽቦ፣ የፌሮ ቁራጭና የመጋዝ ምላጭ ተገኘ። ልጆቹን አልወቀስኩም፤ መሣሪያ ቆጥሮ የሚያስገባና ቆጥሮ የሚያስወጣ ሰው በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ የመጣው መፍትሔ ከሁሉም የባሰው ነው። በአዋቂዎቹ ማረሚያ ቤት ግቢ «ለብቻው የተከለለ ክፍል» ተሰጠን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 3 በማረሚያ ወይም በመቋቋሚያ ተቋማት የሚገኙ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው «ተለይተው» ነው። መሬት ላይ የነበረው ሌላ ነው፤ ማደሪያው ለብቻ፣ ሽንት ቤቱ በሰዓት ተራ ከአዋቂዎች ጋር፣ ፀሐይ የሚሞቁበት ሜዳ አንድ፣ የምግብ ሰልፉ አንድ። በመካከል ያቆምነው የቆርቆሮ አጥር ሦስት ሜትር ቁመት ነበረው፤ ድምፅም ሲጋራም አላገደም። ክፍሉን እንድመረምር ተጠይቄ «ከምህንድስና አንጻር ችግር የለበትም» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጣሪያው ጤነኛ ነበር፤ የተጠየቅሁት ጥያቄ ግን የተሳሳተ ነበር፣ እሱን ማለት ነበረብኝ። አሥራ አንድ ሳምንት ቆዩ።

ተከትሎ የመጣውን የማንም የሥራ ዝርዝር አያሳየውም። አራት ልጆች ቀጠሮ አመለጣቸው፤ የፍርድ ቤቱ መጥሪያ የሚሄደው ወደ ድሮው ቦታ ነበር። ቤተሰብ ከገጠር ስንቅ ይዞ መጥቶ የፈረሰ አጥር አይቶ ተመልሷል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚወስዱ ልጆች የተመዘገቡበት ጣቢያ ሩቅ ሆነ። ለመኪና፣ ለምግብ ማመላለሻ፣ ለተጨማሪ ጠባቂ በጀት ስላልተያዘ ሁሉም ከመጠባበቂያ ላይ ተቀነሰ፤ በመጨረሻ ለሴቶቹ መታጠቢያ የታሰበው ንጣፍ የቀረው በዚህ ነው።

ዛሬ ቢሰጠኝ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ የልጆቹን ቁጥር እቀንሳለሁ። ይህ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ነው። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ጉዳዩ ለሌላ ቀን ሲቀጠር ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለሌላ ታማኝ ሰው እንዲሰጥ ይላል። ከውሉ ሦስት ወር በፊት ከዳኛው፣ ከዐቃቤ ሕግና ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር ተቀምጣችሁ መዝገብ በመዝገብ እዩ። እኛ ይህን ያደረግነው ዘግይተን፣ ልጆቹ አዋቂዎቹ ግቢ ከገቡ በኋላ ነው፤ ያኔም ዘጠኝ ልጆች ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለዘጠኝ ልጅ ማደሪያ መሥራት ስንት እንደሚፈጅ አስቡት።

ሁለተኛ፣ ከእድሳቱ በፊት በዚያው ግቢ ጥግ የራሱ በር፣ የራሱ ውሃና የራሱ ሽንት ቤት ያለው ባለ 14 አልጋ አነስተኛ ብሎክ እሠራለሁ፤ በመጀመሪያው የበጀት ዓመት እሱን፣ በሁለተኛው አሮጌውን። የፋይናንስ ሰዎች ትርፍ ወጪ ይሉታል። እድሳቱ ሲያልቅ ያ ብሎክ ቋሚ የሴቶች ማደሪያ ይሆናል፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር ኮሪደር መጋራታቸው በዚያው ያበቃል። በአንድ ዓመት ካልጨረሳችሁ የሚላችሁን ሰው በጽሑፍ እንዲያዝዛችሁ ጠይቁት።

ግቢው ለብሎክ የማይበቃ ከሆነና ውጭ መሄድ ግድ ከሆነ፣ ልጆቹ በአዲሱ ቦታ አንድ ሙሉ ሳምንት ሳያድሩ ግቢውን ለተቋራጭ አታስረክቡ። በውሉ ልዩ ሁኔታዎች ላይ የርክክቡ ቀን «ልጆቹ ከተዛወሩ በኋላ» ተብሎ ይጻፍ፤ ያኔ የካሳ ጥያቄው አያስፈራችሁም። የማዛወሪያው ወጪ በመጠባበቂያ ሥር ሳይሆን ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ይሁን። የእያንዳንዱን ልጅ ቀጠሮ፣ መድኃኒት፣ የትምህርት ክፍልና የሚጠይቀውን ዘመድ ስልክ በአንድ ገጽ አዘጋጁ፤ አንዱ ቅጂ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ከመዛወሩ በፊት ይድረስ። ዝውውሩን በሁለቱ መንፈቀ ዓመታት መካከል ባለው ዕረፍት አድርጉት።

ርክክቡ ላይ ኮሚቴው ቀለም ያያል። እናንተ ታንከሩን ሞልታችሁ ሻወሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ክፈቱ፣ መብራት አጥፍታችሁ በሮቹን በሰዓት ያዙ፤ የእኛዎቹ ስድስት በሮች ከ40 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተከፈቱ። ተጭኖ የሚከፈተው የሻወር ቫልቭ ግን በአምስተኛው ወር መበላሸት ጀመረ፤ ከተማው ውስጥ መለዋወጫ የለም። ለአሥር ሻወር ቢያንስ አራት ትርፍ ቫልቭና ሃያ የቫልቭ ጎማ በቢኦኪው ውስጥ አስገቡ። እኛ አላስገባንም፤ ሦስቱ ሻወሮች አሁንም ተዘግተዋል።