ማሬን አላቀጥንም

ጅማ ውስጥ ማር አጣርቼ አሽጋለሁ። ከጌራ ወረዳ የሚመጣልኝን፣ ገተም ከተባለው ዛፍ አበባ የሚገኘውን ነጭ ማር ስረከብ ከሁሉ በፊት እርጥበቱን እለካለሁ። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ከ20 በመቶ በላይ አይፈቅድም፤ ውሃ የበዛበት ማር ማሰሮ ውስጥ ሆነ ጠርሙስ ውስጥ መቡካቱ አይቀርም። ያልበሰለ፣ ማለትም ንቦቹ ውሃውን ገና ያላደረቁለት ማር የቆረጠን ንብ አንቢ የምመልሰውም ለዚህ ነው፤ ቅር ቢለውም።

አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ደንበኛዬ፣ አንድ ሱፐርማርኬት፣ ስለ እርጥበት ጠይቆኝ አያውቅም። የሚያነሳው ዋጋ ብቻ ነው። ቅናሹም፣ የተመለሰው ዕቃ ኪሳራም በእኔ ላይ ነው፤ ክፍያው ደግሞ በዱቤ። በቅርቡ የግዢ ኃላፊው «ትንሽ ቀጠን ብታደርጊው ዋጋው ይወርድ ነበር» አለኝ። የስኳር ውሃ ጨምሪ ማለቱ ነው! በጣም ተናደድኩ። አላደርገውም። ለንብ አንቢው በዕለቱ በጥሬ ገንዘብ እከፍላለሁ፤ ሱፐርማርኬቱም ቢያንስ በወሩ ይክፈለኝ።