የፊት አክስሉ አልይዝ ሲል

የአሮጌዋን ፒካፕ የፊት አክስል (ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚያደርሰውን ክፍል) ጥገና ዛሬ ስለ ጨረስኩ፣ ያየሁትና ያሰብኩት ሳይደበዝዝብኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው ፈለግሁ። በአራቱም ጎማዎች መጎተት በሚችል መኪና ላይ የፊት አክስል አልይዝ ሲል፣ ብልሽቱ ማንም ሳያውቀው ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። መኪናዋ በደረቅ መንገድ ላይ በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ስለምትሄድ ድምፅም፣ ንዝረትም፣ የዘይት ነጠብጣብም አታሳይም። ጉዱ የሚወጣው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ማንሻው ወደ አራት ጎማ ሲሳብ፣ የኋላዎቹ መሬቱን እየቆፈሩ የፊቶቹ ግን ንቅንቅ ሳይሉ ሲቀሩ ነው። ከመኪና ብልሽቶች ሁሉ አጥብቄ የምጠላው ይህን ነው፤ ሰውን የሚከዳው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ነውና።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወዲያውኑ መለዋወጫ መግዛት ይጀምራል። እኔ ግን አንድም ብሎን ከመፍታቴ በፊት እንቅስቃሴው የት ላይ እንደሚቋረጥ ማወቅ ነበረብኝ። ጉልበቱ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ወደሚያካፍለው ትራንስፈር ኬዝ፣ ከዚያም በፊተኛው ረጅም ዘንግ በኩል ለግራና ለቀኝ ወደሚያካፍለው ዲፈረንሻል፣ በመጨረሻም በግራና በቀኝ ዘንጎች ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል፤ ከእነዚህ አንዱ ቦታ ላይ ከተቋረጠ የቀረው ሁሉ ጤነኛ ቢሆንም የፊት ጎማ አይጎትትም። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሜ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ፤ ፊቷን በክሪክ አንሥቼ በሁለት ካቫሌቶዎች ላይ ካሳረፍኩ በኋላ ሞተሩን አስነሥቼ ማንሻውን ወደ አራት ጎማ አስገባሁ፤ ከዚያም ሞተሩን አጥፍቼ ካምቢዮውን ማርሽ ውስጥ ተውኩት።

ከዚህ በኋላ ያለው ፍተሻ የሚፈልገው ባዶ እጅ ብቻ ነው። ከታች ገብቼ ፊተኛውን ረጅም ዘንግ ለማዞር ሞከርኩ፤ ፈጽሞ አልንቀሳቀስ አለ። ይህም ትራንስፈር ኬዙ ሥራውን እንደሠራና የፊቱን ዘንግ ከኋላው ጋር እንዳያያዘ ያሳያል። ቀጥዬ የግራውን የፊት ጎማ በእጄ አዞርኩ። አክስሉ ይዞ ቢሆን ኖሮ የቀኙ ጎማ በተቃራኒ አቅጣጫ መዞር ነበረበት፤ እሱ ግን ባለበት ቆሞ ቀረ። በዚህ አንድ ሙከራ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ትራንስፈር ኬዙ ከተጠርጣሪነት ወጡ፤ ጥፋቱ የቀኙ ዘንግ ከሚገናኝበትና ከሚለያይበት ቦታ፣ ወይም ያንን ቦታ ከሚያዘው ነገር አያልፍም ብዬ ጠረጠርኩ።

የዚህ ዓይነቱ አክስል አሠራር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የቀኙ ዘንግ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ሁለቱ ጫፎች በሚገናኙበት ቦታ ውስጡ ጥርስ የሆነ ተንሸራታች ቀለበት አለ። ቀለበቱ በአንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ሲቀመጥ ዘንጉ ይለያያል፤ በሁለቱም ላይ ሲንሸራተት እንደ አንድ ዘንግ ያስራቸዋል። ለመሆኑ አንድ ወገን ብቻ ተለያይቶ ሁለቱም ጎማዎች እንዴት ነፃ ይሆናሉ? ምክንያቱ ዲፈረንሻሉ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ወገን የሚያካፍለው ጉልበት እኩል ስለሆነ፣ አንዱ ወገን ምንም የሚጋፋው ነገር ከሌለው ሌላውም ምንም አያገኝም። ሁለት ቦይ ያለው ውኃ አንዱ ቦይ ሲቀደድ ሁሉም በቀዳዳው እንደሚፈስ ማለት ነው። ጎማዎቹ ቆመው ዲፈረንሻሉ ሲዞር፣ የተለያየው አጭር ዘንግ ከዲፈረንሻሉ በእጥፍ ፍጥነት በባዶ ይሽከረከራል። በሁለት ጎማ ሲነዳ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ የግራው ጎማ የራሱን ዘንግ ሲያዞር አጭሩ ዘንግ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የዲፈረንሻሉ ቤትና ከትራንስፈር ኬዙ የሚመጣው ረጅም ዘንግ ግን ቆመው ያርፋሉ። የፈጠሩት ሰዎች የፈለጉትም ይህንኑ እረፍት ነበር፤ ድካሙም፣ ድምፁም፣ የነዳጁም ፍጆታ ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በተሠሩት የጂፕ ቼሮኪ መኪናዎች ብዙዎቹ ላይ፣ በ1990ዎቹ ዶጅ ራም ፒካፖችም ላይ፣ በእኔዋም ላይ ይኸው ቀለበት በቫኩም (አየር ተስቦ ሲወጣ በሚፈጠር የመሳብ ኃይል) ይታዘዛል። ቤንዚን የሚጠቀም ሞተር አየር ወደ ውስጥ ሲስብ የሚፈጥረው ቫኩም በቀጭን ቱቦዎች አልፎ አክስሉ ላይ ወዳለው ትንሽ የቫኩም ሞተር ይደርሳል፤ እሱም በውስጡ ያለውን ዲያፍራም የሚባል ስስ ጎማ ስቦ ሹካ የሚመስለውን ብረት፣ ሹካው ደግሞ ቀለበቱን ይገፋል። በናፍጣ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ቫኩም ስለማይገኝ ሥራውን የሚሠራለት የራሱ ፓምፕ ይኖረዋል።

የእጅ ቫኩም ፓምፕ አክስሉ ላይ ካለው ሞተር ጋር አገናኝቼ እስከ 15 የሜርኩሪ ኢንች (ቫኩም የሚለካበት አሃድ) ሳብኩ። የፓምፑ መለኪያ መርፌ ከዚያ አልወረደችም፤ ከውስጥም ቀለበቱ ሲገባ ደንደን ያለ ድምፅ ተሰማ። የግራውን ጎማ ባዞርኩት ጊዜ የቀኙ ወደ ኋላ ዞረ፤ አክስሉ ያለ እንከን ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ ፓምፑን ፈትቼ መለኪያውን ወደ አክስሉ በሚመጣው ቱቦ ጫፍ ላይ አስገባሁና ሞተሩን አስነሣሁ፤ ማንሻው አራት ጎማ ላይ ሆኖ ከ5 ኢንች በታች አነበበ። ሞተሩ ላይ ስለካ ግን 18 ነበር። በባሕር ወለል አካባቢ ጤነኛ ሞተር በቀስታ ሲዞር ከ17 እስከ 21 ኢንች ይስባል፤ ቦታው በ300 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ከዚህ ላይ 1 ኢንች ያህል መቀነስ ያስፈልጋል። ከፍ ያለ አገር የሚኖር ሰው ይህን ካላሰበ ጤነኛውን ሞተር ታማሚ ሊያደርገው ይችላል።

ቱቦውን ከአክስሉ ተነሥቼ እየዳሰስኩ ወደ ላይ ተከተልኩት። ማርሚታው አጠገብ በሚያልፍበት ቦታ ጎማው ደርቆ ጠንክሯል፤ ትራንስፈር ኬዙ ላይ ካለው፣ ማንሻው ሲሳብ ቫኩሙን ወደ አክስሉ ከሚከፍተው የቫኩም ማብሪያ ጋር በሚገናኝበት መታጠፊያ ላይ ደግሞ በጣቴ ሳጎብጠው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አፉን ከፈተ። እዚህ ላይ ቆሞ አንድ ክንድ ቱቦ መቀየር ይቻል ነበር። ነገር ግን ቱቦውን ከማብሪያው ስነቅለው ጫፉ ላይ ቀይ ዘይት ቋጠረ። በቫኩም ቱቦ ውስጥ ዘይት ምንም ሥራ የለውም፤ የትራንስፈር ኬዙ ዘይት የማብሪያውን ማሸጊያ አልፎ በቫኩሙ እየተሳበ ወደ መስመሩ ገብቷል። ስንጥቁን ብቻ አስተካክዬ ብተወው ኖሮ፣ ዘይቱ ቀስ በቀስ ቱቦዎቹን ያለሰልሳል፣ ከዚያም ዲያፍራሙን ያበላሻል። ስለዚህ ማብሪያውን በአዲስ ቀየርኩት፤ መስመሮቹን አጥቤ በአየር ነፋሁ፤ የደረቁትን ቱቦዎች በሙሉ ሙቀትና ዘይት በሚችል የቫኩም ቱቦ ተካሁ፤ ከማርሚታውም አርቄ አሰርኳቸው። የአንድ ወገን ማሳለፊያውንም ቫልቭ ፈተሽኩ፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ የሞተሩ ቫኩም ወደ ዜሮ ስለሚወርድ፣ የተጠራቀመውን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ የቫኩም ሥርዓት ነቅለው ሹካውን በእጅ በሚሳብ የብረት ገመድ እንዲንቀሳቀስ ያደርጉታል። ቱቦው በየጊዜው ለሚያስቸግረው ሰው ሐሳቡን አልነቅፍም፤ ገመድ የሚበላሸው ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ጤነኛ ዲያፍራምና ጤነኛ ሹካ ያለውን አክስል ለአንድ የተሰነጠቀ ቱቦ ብሎ መለወጥ ከልክ ያለፈ ነው። እነዚህ መኪናዎች ይህን ያህል ዘመን የኖሩት የመጀመሪያ አሠራራቸው ደካማ ስላልሆነ ነው።

ቫኩም የሌላቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በወጡት የሸቭሮሌ ፒካፖች ላይ ቀለበቱን የሚገፋው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ መሣሪያ ስለነበር፣ ማብሪያው ከተጫነ በኋላ እስኪሞቅ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ መኪና ላይ መዘግየት ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። የፊት ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኝ፣ ጎማው መሐል ላይ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ከሁሉም ይቀልላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጣብቃቸው የደረቀ ግራሶ ነው። ሽፋኑ ተፈትቶ ውስጡ በላምባ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ በጣም ስስ ግራሶ ብቻ መቀባት አለበት፤ የኩሽኔታውን ወፍራም ግራሶ እዚያ ውስጥ መሙላት ሞላዎቹን ያስራቸዋል።

አራት ጎማ መግባቱን የሚያመለክተውን የዳሽቦርድ መብራት አስመልክቶም ልጽፍ የምፈልገው አለ። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ መብራቱን የሚያበራው ትራንስፈር ኬዙ ላይ ያለ ማብሪያ ስለሆነ፣ መብራቱ ቢበራም ከአክስሉ ስላለው ነገር ምንም አይናገርም። በእኔዋም ላይ አክስሉ ሳይይዝ መብራቱ ሲበራ ኖሯል። ከመብራቱ ይልቅ የማምነው ጎማውን ነው።

ጥገናው እንዳለቀ አክስሉ ጋ መለኪያው 17 አነበበ። ልቅ ጠጠር ባለበት መንገድ ላይ ወስጄ በቀስታ እየሄድኩ ማንሻውን ሳብኩ፤ መሪው ከበድ አለኝ፣ ፊቷም ወደፊት ሳበኝ። አስፋልት ላይ ይህን አልሞክርም፤ መሐል ላይ ዲፈረንሻል የሌላት መኪና ስትታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ውጥረቱ ማርሾቹንና ዘንጎቹን ይጎዳል። ከእንግዲህ በየወሩ ለጥቂት ደቂቃ ጠጠር ላይ አስገብቼ አንቀሳቅሳታለሁ፤ ቀለበቱና ሹካው ካልሠሩ ዝገት ይይዛቸዋልና። የቀረኝ ከአዲሱ ማብሪያ ዘይት እንዳያልፍ መጠበቅ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቱቦውን ነቅዬ ጫፉን በነጭ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ቀይ ነገር ካልነካው የትራንስፈር ኬዙን ዘይት በልኩ ሞልቼ የታችኛውን መከላከያ ብረት እመልሳለሁ።