በክንዴ እያለች አረገዝኩ

ነርሷ የግራ ክንዴን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና «ይኸው፣ አለች እኮ» አለችኝ። የክብሪት እንጨት የምታህለው የወሊድ መከላከያ፣ ኢምፕላኖን፣ ከተቀበረችበት ንቅንቅ አላለችም። ጠረጴዛው ላይ ግን የሽንት ምርመራው ሁለት መስመር አውጥቶ ተቀምጧል። ሦስት ዓመት ታገለግላለች የተባለችው በአሥራ አራተኛው ወር ከዳችኝ።

«ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስትለኝ አቀረቀርኩ። ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ጠዋትና ማታ ካርባማዜፒን 200 ሚሊ ግራም እውጣለሁ። በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ነርሷ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ወሬው አማቴ ጆሮ እንዳይደርስ ፈራሁ። ካርባማዜፒኑን የሚጽፍልኝ ሐኪምም ስለ ወሊድ መከላከያ ጠይቆኝ አያውቅም። ሁለት ካርድ ነበረኝ፤ አንዱ ስለሌላው አያውቅም።

ከዚያ የባሰ ጥፋት ሠራሁ። ጽንሱን ይጎዳል ብዬ መድኃኒቱን በራሴ ፈቃድ አቋረጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና ስቀዳ ከምድጃው አጠገብ ወደቅኩ። ስነቃ ራሴ ጭን ላይ ነው፤ የአማቴ ጭን። ስንት ዓመት የደበቅኳት ሴት እሳቱን በእግሯ ገፍታ ይዛኛለች። «እኔ ድሮም አውቃለሁ» ብቻ አለችኝ።

ሐኪሙ መድኃኒቱን አስቀጥሎ ፎሊክ አሲድ ጨመረልኝ፤ ልጄ በሰላም ተወለደች። ምስጢሩን በደንብ ያስረዳኝ ግን አንድ ፋርማሲስት ነው። ካርባማዜፒን ጉበትን ያተጋዋል፤ የተጋው ጉበት ደግሞ የወሊድ መከላከያውን ሆርሞን ጊዜው ሳይደርስ እየፈጨ ያስወግደዋል። ለዚሁ በሽታ በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታልም፣ ፌኒቶይንም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በየቀኑ የሚዋጠው እንክብልም ሆነ በክንድ የሚቀበረው ይዳከማል። በየሦስት ወሩ የምንወጋው ዲፖ ግን መጠኑ ከፍ ያለ ስለሆነ እምብዛም አይነካም። በማሕፀን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ደግሞ ሆርሞን ስለሌለው ጉበት የሚያገኘው ነገር የለም።

ነገሩ በተቃራኒውም አለ። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ላሞትሪጂን የሚባል ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስዳለች። ኤስትሮጅን ያለበትን እንክብል ስትጀምር የላሞትሪጂኑ መጠን በደምዋ ውስጥ ወርዶ ለሁለት ዓመት የጠፋው መንቀጥቀጥ ተመለሰባት። የእኔ ክኒን መከላከያውን አዳከመው፤ የእሷ መከላከያ ክኒኗን።

ከወለድኩ በኋላ ሁለቱንም ካርዶች ይዤ ገባሁና ለነርሷ ጎን ለጎን ዘረጋሁላት። ሉፕ መረጥኩ። ወደ ልብ ይወጣል የሚለውን ወሬ ሰምቼ ስለነበር እጄ በላብ ርሷል፤ ነርሷ ግን የማሕፀንን ሥዕል አውጥታ ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ እንደሌለው በጣቷ አሳየችኝ። ማስገባቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጀ፤ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም ተሰማኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደሜ በርትቶ ነበር፤ ኋላ ግን ረጋ። አሥር ዓመት ይቆያል ተብያለሁ።

አሁን በሁለቱም ካርዶቼ ሽፋን ላይ ካርባማዜፒንና ሉፕ ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌአለሁ። ባለፈው ነርሷ ከእኔ ቀጥላ ለገባችው ልጅ ገና ሳትቀመጥ «የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ስትላት በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ።