ውሻዋን ማን ጨመራት?

ንጉሡ ስም አልነበረውም። አገርም፣ ዘመንም አልነበረውም። ሆን ብለን ነው ያወለቅንበት። ዋና አዘጋጃችን «ስም ከሌለው ማንም አይከሰንም» አለ፤ ነገሩ አለቀ ብለን ገጹን ዘጋን። ንጉሡን ያስታወቀብን ግን የሶፋ ማስታወቂያ ነው።

ቢሯችን ያኔ ፒያሳ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ኖሮ የማይሠራበት ሕንፃ ላይ። መጽሔቱ ቅዳሜ ይወጣል፣ ሐሙስ ማታ ገጽ ይዘጋል። አንድ ወጣት አጭር ልብ ወለድ አመጣልን። አንድ ንጉሥ ግብር ማብላት ይሰለቸዋል። ሊቀ መኳሱን ይጠራና የራሱን ልብስ አልብሶ ዙፋኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ሊቀ መኳስ ማለት ጦር ሜዳ ላይ የንጉሡን ልብስ ለብሶ የጠላት ዓይን እሱ ላይ እንዲያርፍ የሚደረግ ሹም ነው። ሥራው ስለ ሌላ ሰው መወጋት ነው። የእኛ ደራሲ ከጦር ሜዳ አውጥቶ ግብር ላይ ሾመው። ሰውየው ይበላል፣ ይስቃል፣ አቤት ያለውን ሁሉ ይሰማል። ሕዝቡ «ጃንሆይ ዘንድሮ ምን ነካቸው? ደግ ሆኑ እኮ» ይላል። ዋናው ንጉሥ ደጅ ቆሞ ሆዱ ይጮኻል። ልግባ ሲል አጋፋሪው «ጃንሆይ ግብር ላይ ናቸው፤ አርፈህ ቁም!» ብሎ ይገፈትረዋል።

እርማት ላይ ሆኜ ብቻዬን ሳቅሁ። የእርማት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል።

መጨረሻው ደግሞ ይብሳል። ንጉሡ በጓሮ ዞሮ ወጥ ቤት ይገባል። ወጥ ሠሪዋ ታየውና «ውይ፣ አንተ ሊቀ መኳሱ ነህ አይደል? ምስኪን! ና ቁጭ በል» ብላ የድስቱን ቂጥ ጠርጋ ታጎርሰዋለች። ንጉሡ በዕድሜው እንዲህ ያለ ወጥ በልቶ አያውቅም።

ዋና አዘጋጁ ይህችን አንቀጽ ሰረዛት። «ንጉሥ ከድስት ሲበላ አናሳይም» አለ። «የቱ ንጉሥ?» አልኩት። «የትኛውም» አለ።

ማስታወቂያው የመጣው ገጽ ልንዘጋ ስንል ነው። ግማሽ ገጽ፣ ሙሉ ክፍያ፤ እምቢ አይባልም። ሠዓሊያችን ንጉሡን በሙሉ ቁመቱ ስሎት ነበር። ቦታው ሲያጥር እሱም አሳጠረው። ከዚያ ቀኝ ጥጉ ባዶ ቀረ። ሠዓሊያችን ባዶ ቦታ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ትንሽ ውሻ ጨመረበት።

አጭር ንጉሥ፣ ትንሽ ውሻ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ እንደነበረቻቸው ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ከየት ይገኛል?

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ሰላምታ እንኳን አልነበራቸውም። «ንጉሥን ‹ራበው› ትላላችሁ? ‹ራባቸው› አይባልም?» ብለው ዘጉት። ሁለተኛው ሰውዬ ምኒልክን ነው የሰደባችሁት አሉ። በምን አወቁ ብላቸው «ግብር ሲባል ሌላ ማን አለ?» አሉኝ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ይሄ የእኛ መሥሪያ ቤት ሰውዬ ነው። ምክትሉን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ውጭ አገር የሚዞረው። ማን ነገራችሁ?» ማንም አልነገረንም አልኩት። «ገባኝ፣ ምንጭ አይገለጽም» ብሎ አመስግኖኝ ዘጋ።

ሦስቱም ያነበቡት አንድ ገጽ ነው።

ነገሥታቱ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ይሉ ነበር ይባላል። የእኛ እረኛ አራት ኪሎ ነበር። ጋዜጣና መጽሔት የሚያከራዩት ልጆች እዚያ ነበሩ። አንባቢው ሳንቲሙን ከፍሎ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ አንብቦ ይመልሳል። መጽሔት በወጣ ቁጥር ወርጄ ማን የቱ ገጽ ላይ እንደሚቆይ ማየት ልማዴ ነበር። የዚያን ቀን አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሦስት ሰዎች ተደግፈውት ይሰማሉ። አጋፋሪው ንጉሡን ሲገፈትር ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ዝም። አንዱ ብቻ «እህ!» አለ፣ ነገር እንደገባው ሰው። ከዚያ ሥዕሉን ገልብጠው፣ አቅርበው፣ አርቀው ማየት ጀመሩ። የሳቁት ውሻዋ ላይ ነው።

አከራዩ ሲያየኝ ተነጫነጨ። «እናንተ ሰው ታስገምታላችሁ። ሰው አንዴ ከያዘው አይመልስም። ሌላውን በሩብ ሰዓት ነው የሚመልሱልኝ፤ ይሄን ግን ሲጨቃጨቁበት ይውላሉ። ገበያዬን ገደላችሁት!»

ቀልድ ጽፈን እንቆቅልሽ ሸጥን። እኔ ግን በአንባቢው አልፈርድም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውም የማይደፈር ነው ብሎ ደነገገ፤ የ1948ቱም ደገመው። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ጃንሆይን በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ከወሰዳቸው በኋላ ደግሞ ንጉሥ መስደብ የሰልፍ ሥራ ሆነ። ትናንት መስገድ፣ ዛሬ መርገም። እንዲሁ ቁጭ ብሎ በንጉሥ ለመሳቅ መቼ ጊዜ ተገኘ? አዝማሪውም ቢሆን ውስጠ ወይራ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ንጉሥ ያለበት ጽሑፍ ያየ ሰው ወርቁን ፍለጋ ይገባል። ዛሬ ደግሞ በ2012 የተከፈተው አንድነት ፓርክ ውስጥ የጃንሆይ የሰም ምስል ቆሞላችኋል። ሰሙን መንግሥት አቀረበ፤ ወርቁን እናንተ ፈልጉ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በዚያው ሳምንት አንድ አዛውንት ቢሮ መጡ። ባርኔጣ፣ ከዘራ፣ በፌስታል የተጠቀለለ መጽሔት። አራት ፎቅ ወጥተው መናገር አቅቷቸዋል። ዋና አዘጋጁ በመስታወት ሲያያቸው «ስብሰባ ላይ ነው በሏቸው» ብሎ ክፍሉ ገባ። ስብሰባው እሱና ስልኩ ናቸው።

ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጥተው መጽሔቱን አወጡ። ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። እርማት እኔ ነኝ የምሠራው፤ እንዲህ ያለ ቀይ ግን እኔም አላበዛም።

«ማነው የጻፈው?»

«አንድ ወጣት ደራሲ ነው አባባ። ልብ ወለድ ነው፤ ማንንም አይመለከትም።» ይህችን ዐረፍተ ነገር በዚያ ሰሞን በቃሌ ይዣታለሁ።

«ልብ ወለድ መሆኑንማ አየሁት። ልብ ወለድ ቢሆንስ አጋፋሪ ያለ ዱላ ይቆማል?»

ሥዕሉን በጣታቸው መቱት። እውነትም አጋፋሪው ባዶ እጁን ነው።

«ቦታ ጠቦ ነው አባባ።»

«ለውሻ ቦታ ነበራችሁ።»

መልስ አጣሁ። ቀጠሉ። አባታቸው ግቢ ይሠሩ እንደነበር፣ እሳቸውም በልጅነታቸው አዳራሹን እንዳዩ ነገሩኝ። ቀጥሎ ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጀሁ። «መጋረጃውስ?» አሉ።

«የቱ መጋረጃ?»

«ንጉሥ ሲበላ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ሲጎርስ አይታይማ። ከጠገበ በኋላ ነው የሚከፈተው። እናንተ ሕዝብ ፊት አስጎረሳችሁት። ልጄ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ብታደርጉት ኖሮ እኮ ቀልዱ ይጣፍጥ ነበር! ከጀርባው ማን እንዳለ ማን ያያል?»

ደብተሬን አወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ማስታወሻ ያዝሁ።

«ኋላስ የት ሄደ?» አሉኝ።

«ማን?»

«ንጉሡ ነዋ! ራበው፣ አጋፋሪ ገፋው፣ አለቀ። የራበው ሰው ደጅ ተገትሮ ይቀራል? ወጥ ቤት ይገባል እንጂ!»

የዋና አዘጋጁ በር ገርበብ ብሏል። ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ የተሰረዘውን አንቀጽ ነገርኳቸው። ወጥ ሠሪዋን፣ «ምስኪን» ያለችውን፣ ድስቱን። አዛውንቱ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «የድስቱን ቂጥ!» አሉ። ሳቁ፣ ሳሉ፣ እንደገና ውኃ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ «ይህንን ማን ቆረጠው?» አሉኝ።

«ቦታ ጠቦ…» ልል ነበር። የሶፋውን ማስታወቂያ አዩት። እኔንም አዩኝ።

«የቆረጠው ሰው ዘመኑ አልፎበት ነው እንጂ ግቢ ቢሆን ትልቅ ሹመት ያገኝ ነበር» አሉ። «ንጉሡ ሲቀልዱባቸው ይስቁ ነበር። አለቃ ገብረ ሃና እነምኒልክ ግቢ ምን እየበሉ የኖሩ ይመስልሻል? የሚፈራው መሐል ያለው ነው።»

በሩ ተዘጋ። እኔ አልዘጋሁትም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዋና አዘጋጁ ትምህርት ወስደናል አለ። ትምህርቱ ከእንግዲህ ንጉሥ የሚባል ነገር አይገባም የሚል ነው። «እንስሳ ጻፉ። በእንስሳ ማን ይቀየማል?» የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ነው የሚባለው፤ ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ናቸው፤ መኳንንቱ አይተውት ታገደ። ይህንኑ ተናገርኩ። «ያ ድሮ ነው» አለኝ። አሁን እሱ ለጀማሪ ጸሐፊዎች ቀልድ አጻጻፍ ያሠለጥናል ሲባል እሰማለሁ። ሊቀ መኳሱን እንደ ምሳሌ ይጠቀምበታል አሉ፤ ከነወጥ ቤቱ።

ልጁም ታዘዘና ሌላ ጻፈ። አንበሳ፣ ጅብ፣ አንዲት ጦጣ። አንበሳው ታሞ ጦጣዋ ትዕዛዝ ታስተላልፋለች። ሠዓሊውን ጥጉን ባዶ ተወው ብዬ ለምኜ አስማልኩት። አጋፋሪ ስለሌለ ዱላም አላስፈለገም። ቅዳሜ ወጣ።

ሰኞ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኩ ጮኸ። ያ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ሰውዬ ነው።

«እህቴ፣ አንበሳው ገብቶናል» አለኝ። «ጅቡም ግልጽ ነው። ጦጣዋ ግን ፋይናንስ ያለችው ናት ወይስ የሰው ኃይሏ? እዚህ ቢሮ ተወራርደናል።»