ትሬቬሌዝ፦ ጨው፣ በረዶና የቦይ ውኃ

በትሬቬሌዝ መንደር ሃሞን፣ ማለትም በጨው ተቀብሮ የሚደርቀው የአሳማ ታፋ፣ የሚፈተነው በአፍንጫ ነው። ባለሙያው «ካላ» የምትባለውን፣ ከፈረስ ወይም ከከብት አጥንት የተሠራች ወስፌ መሳይ ነገር ያነሣና የአሳማው ታፋ ከአጥንቱ ጋር በሚጋጠምበት በኩል ጠለቅ አድርጎ ይወጋል፣ ወዲያው ነቅሎ ያሸታል። ወስፌዋ ብረት ያልሆነችው በምክንያት ነው። አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ሽታ ቶሎ ይይዛል፤ ቶሎም ይለቃል፤ ስለዚህ የአንዱ ታፋ ሽታ ወደ ሌላው አይዞርም። የተወጋው ቀዳዳ ወዲያው በሞራ ይደፈናል። ክፍት ከቀረ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች።

መንደሩ በደቡብ ስፔን፣ በግራናዳ አውራጃ፣ ከሴራ ኔቫዳ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ አልፑሃራ በሚባለው አገር ይገኛል። ከፍታው 1,476 ሜትር ሲሆን በስፔን ከፍተኛ ከሚባሉት መንደሮች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ቁጥር ቆላ ነው፤ ከአዲስ አበባ በ800 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ነገር ግን እዚያ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 37 ዲግሪ ርቀናል። በእነሱ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ በረዶው ከአናቱ ይወርዳል፣ ነፋሱም ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ሃሞኑ የሚኖረው በዚህ ነፋስ ነው።

ሰፈሮቹ ሦስት ናቸው፦ የታች፣ የመካከልና የላይ። አውቶቡሱ ከግራናዳ ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ገደማ ተጠማዝዞ የሚያራግፈው ታች ነው። ሱቁና ምግብ ቤቱም የሚበዛው እዚያው ስለሆነ አብዛኛው ጎብኚ ሃሞን ገዝቶ ከዚያው ይመለሳል። ይህ ጥሩ አይደለም፤ መንደሩ መንደር የሚሆነው ላይኛው ሰፈር ነው። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራልና ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም።

ወደ ሃሞኑ እንመለስ። የማይበሉት አንባቢዎችም ቢሆኑ አሠራሩን ቢያውቁት አይጎዳም፤ የቋንጣችን የሩቅ ዘመድ ነውና። ቋንጣ በስሱ ስለሚዘለዘል በጥቂት ቀን ይደርቃል። ታፋው ግን ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ያልተከፈለ ሥጋ ነው፤ ጨው ከውጭ ሰርጎ አጥንቱ ጋ እስኪደርስ ድረስ መካከሉ ጥሬ ነው። ነገሩ በጨውና በመበስበስ መካከል የሚደረግ እሽቅድምድም ነው። ብርዱ የሚያስፈልገውም ጨው እስኪቀድም ብስባሴውን አስሮ ለመያዝ ነው።

በመጀመሪያ በሥጋው ውስጥ የቀረው ደም ተጨምቆ ይወጣል። ከዚያ ታፋው ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ክፍል በባሕር ጨው ተቀብሮ ይቀመጣል፤ ልማዱ በአንድ ኪሎ አንድ ቀን ያህል ነው፤ 12 ኪሎ ከሆነ 12 ቀን ገደማ። ወጥቶ በውኃ ይታጠብና ጨው ወደ ውስጥ እኩል እንዲዳረስ ለሳምንታት በብርድ ተሰቅሎ ይቆያል። መስኮት ለተራራው ነፋስ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ስቡ ቀልጦ ያልበዋል፤ ስቡ ወደ ሥጋው ክሮች ሰርጎ ጣዕም የሚሰጠው ያኔ ነው። አነስተኛው የቆይታ ጊዜ 14 ወር ነው፤ ከባዱ ታፋ 20 ወርና ከዚያም በላይ ይሰቀላል። በመጨረሻ ከክብደቱ ሲሶ ገደማውን ያጣል።

ብልሽቱም በየደረጃው የራሱ መልክ አለው። ጨው አጥንት ሳይደርስ ሙቀት ከቀደመ ሥጋው ከውጭ ያማረ፣ ከአጥንቱ ሥር የከረፋ ይሆናል፤ ካላዋ የምታጋልጠው ይህን ነው። በጨው ውስጥ ብዙ ከቆየ ምላስ ያቃጥላል። በፍጥነት ከደረቀ ደግሞ ላዩ ቅርፊት ሠርቶ እርጥበቱን ውስጥ ይቆልፍበታል። የትሬቬሌዝ ሰዎች የሚኮሩት ከባሕር ጨው በቀር ምንም ማቆያ ባለመጨመራቸውና ሃሞናቸው ከሌላው ይልቅ ጨው ያልበዛበት በመሆኑ ነው። ብርዱ አስተማማኝ ስለሆነ ጨው ማብዛት አያስፈልጋቸውም። በ1862 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የስፔኗ ንግሥት ኢዛቤል ዳግማዊት የዘውዷን ማኅተም እንዲጠቀሙ ፈቀደችላቸው። በ2005 ደግሞ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት የጥበቃ መለያ ውስጥ ገባ፤ የምትገዙ ከሆነ ያንን መለያ ፈልጉ።

አሁን ጥያቄው፦ ለስምንት መቶ ዓመት ያህል ሙስሊሞች የኖሩበት ተራራ እንዴት በአሳማ ታወቀ? ግራናዳ በ1492 ለካቶሊኮቹ ነገሥታት፣ ለፈርናንዶና ለኢዛቤል፣ እጇን ስትሰጥ የመጨረሻው ሱልጣን ቦአብዲል አልፑሃራን በርስትነት ተቀብሎ ጥቂት ቆየና ወደ ሞሮኮ ተሻገረ። ሕዝቡ ቀርቶ በግድ ተጠመቀ። በ1567 ዐረብኛው፣ ልብሱ፣ የመታጠቢያ ቤቱና ስሙ ሳይቀር በአዋጅ ተከለከለ። በ1568 የገና ዋዜማ አልፑሃራ አመጸ። አቤን ኡመያ የተባለው መሪያቸው በዓመቱ በገዛ ሰዎቹ ተገደለ፤ ንጉሡ ፊሊፔ ዳግማዊ የአባቱን ልጅ ዶን ሁዋንን ልኮ አመጹን በ1571 ጨረሰው። ሞሪስኮዎቹ፣ ማለትም በግድ የተጠመቁት ሙስሊሞች፣ ከግራናዳ ግዛት ተነቅለው ወደ ሌላው የስፔን ክፍል ተበተኑ። በምትካቸው ከጋሊሲያ፣ ከሊዮንና ከካስቲያ ሰፋሪ መጣ፤ አሳማውንም ይዞ መጣ። በዚያ ዘመን አሳማ አለመብላት በኢንኩዊዚሲዮን፣ በካቶሊኮቹ የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤት፣ ፊት የሚያስጠረጥር ነገር ስለነበር፣ ጣራ ላይ የተንጠለጠለ ታፋ የሃይማኖት ምስክር ወረቀት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውኃውን ግን ሰፋሪው ይዞት አልመጣም። እንደሚነገረው፣ መስኖውንና የሐር ሥራውን ለአዲሶቹ የሚያሳዩ ሁለት የሞሪስኮ ቤተሰቦች በየመንደሩ እንዲቀሩ ተደርጓል። እስከ ዛሬም ቦዮቹ በዐረብኛው ስም «አሴኪያ» ይባላሉ፤ ተራ የሚጠብቀውና ውኃ የሚያዞረው ሰው «አሴኪየሮ» ነው፤ የእኛው የውኃ አባት ማለት። ዋናው ብልሃት ያለው ከእርሻው እርከን በላይ፣ ከፍታው ላይ ነው። ፀደይ ላይ የሚቀልጠውን በረዶ ከከፍታው በቦይ ይጠልፉና ውኃ ወደሚያሰርግ መሬት ይለቁታል። ውኃው በተራራው ሆድ ቀስ ብሎ ይጓዝና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ወንዙ ሲቀንስ፣ ታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ግድብ የለም፣ ሲሚንቶም የለም። ቦዩን ሲሚንቶ ቢያለብሱት ውኃው በመንገዱ መስረጉ ስለሚቀር ታች ያለው ምንጭም ዛፉም ይጎዳል።

ቤቱም እንደዚሁ ነው። የትግራይን ህድሞ ያየ ሰው ጠፍጣፋውን ጣራ አይቶ አይደነግጥም። በድንጋይ ግድግዳ ላይ የእንጨት ወራጅ፣ በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በዚያ ላይ ደግሞ «ላውና» የሚሉት ግራጫ ሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። ላውና ሲርስ ያብጥና ራሱን ይደፍናል። ሣር ከበቀለበት ግን ሥሩ ቀዳዳ ይከፍታልና መንቀል ነው። በረዶ ሲከመርም በአካፋ መጥረግ ግድ ነው፤ ክብደቱ ወራጁን ያጎብጣል።

በዓሎቹን በተመለከተ፣ ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው። ጁን አጋማሽ ላይ፣ በቅዱስ አንቶንዮስ በዓል (ጁን 13)፣ የሙሮች (የሙስሊሞቹ) እና የክርስቲያኖች ጦርነት በአደባባይ በፈረስ ይጫወታል። ሁለት ወገን ሆነው በቃላቸው የያዙትን ግጥም ይወራወራሉ፤ መጀመሪያ ሙሮቹ ያሸንፋሉ፣ በኋላ ክርስቲያኖቹ፣ በመጨረሻም የሙሮቹ ንጉሥ ይጠመቃል። የተባረሩት ሰዎች ዘር በሌለበት የተባረሩበትን ታሪክ በደስታ መጫወት ለእንግዳ ትንሽ ይከብዳል።

ኦገስት 5 (ሐምሌ 29) የበረዶዋ እመቤታችን ቀን ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ በእግርና በፈረስ ወደ ሙላሰን ተራራ ጫፍ፣ 3,479 ሜትር፣ ይወጣና ቅዳሴ ይደረጋል። ከመንደሩ ሽቅብ ብቻ 2,000 ሜትር ነው። ቀን ላይ ጥላ የለም፣ ጫፉ ላይ ነፋሱ በኦገስትም ያንቀጠቅጣልና ካፖርትም ውኃም ይያዝ። የተራራው ስም የቦአብዲል አባት የሙላይ ሐሰን ስም ነው፤ አፈ ታሪኩ እዚያ ተቀብሯል ይላል። የማርያም ንግሥ የሚነግሠው በሱልጣን መቃብር ላይ ነው እንግዲህ።

ምግብ ቤት ገብታችሁ «ፕላቶ አልፑሃሬኞ» ብትሉ ሃሞን፣ ቋሊማ፣ የደም ቋሊማ፣ እንቁላልና ድንች ይቀርባል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ድንቹ ነው፤ «የድሃ አሠራር» ይሉታል፣ ለብቻው የጾም ነው። ለአራት ሰው 1 ኪሎ ድንች፣ 1 ትልቅ ሽንኩርት፣ 2 የማያቃጥል አረንጓዴ ቃሪያ፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ሊትር የወይራ ዘይት። ድንቹ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቆረጥ፤ ሁሉም በአንድ ላይ በዝግታ እሳት፣ ተከድኖ፣ ለ30 ደቂቃ ያህል ይብሰል። መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ። የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው፤ እሳቱ ከበረታ የተጠበሰ ድንች ይሆናል፤ ይህ ግን መለስለስ፣ ጠርዙም መፈረካከስ አለበት።

ዝናብ ሲጥልና የእርሻ ሥራ ሲቆም ደግሞ ተራው የ«ሚጋስ» ነው። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ በ150 ሚሊ ሊትር ዘይት ጠብሶ ማውጣት። ዘይቱን ከእሳት አውርዶ ማብረድ፤ ትኩስ ላይ ውኃ ከተጨመረ ፊት ላይ ይረጫል። 750 ሚሊ ሊትር ውኃና ጨው ጨምሮ ማፍላት፣ 500 ግራም ሰሞሊና (ሻካራ የስንዴ ዱቄት) እየነሰነሱ ማማሰል። መጀመሪያ ገንፎ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። እጅ ሳይደክም 40 ደቂቃ ያህል እየገለበጡ በመቁረጥ መቀጠል። ገንፎው ተሰባብሮ እንደ እርጥብ አሸዋ ከማማሰያው ሲፈስ ደርሷል፤ ከነጭ ሽንኩርቱና ከወይን ፍሬ ጋር፣ ከአንድ መጥበሻ ይበላል።