ከውስጥ የዛገች ጀልባ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ባሕር ዳር ከተማ ጣና ዳር፣ ለብዙ ክረምት ማንም ሳይነካት በደንገልና በሣር መካከል ቆማ የኖረች አንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ገዛሁ። ርዝመቷ 6 ሜትር ተኩል ይሆናል። አካሏ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲሆን፣ ከውስጥ 11 የብረት ጎድኖች ከግራ ወደ ቀኝ ደግፈው ይዘዋታል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ብየዳም ሆነ ስለ ቀለም የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በእሷ ላይ ነው።

በጣና ላይ ለዘመናት ዓሣ ሲጠመድ የኖረው በታንኳ ነው። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣውና ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ ይህን ካላደረገ ብዙም አያገለግለውም። በ1986 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንዳውያን ድጋፍ የተጀመረ የዓሣ ሀብት ሥራ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ካስገባ በኋላ አጥማጁ ከዳር ርቆ መሄድ ቻለ፤ ጀልባን የማድረቅ ልማድ ግን ከታንኳው ጋር የቀረ ይመስለኛል። ብረት ውኃ አይጠጣም ተብሎ ስለታመነ፣ እርጥብ መረብ፣ የዓሣ ቅርፊትና የዝናብ ውኃ በሆዱ ውስጥ ሲከርም ግድ የሚለው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የመረመርኩት የውጭውን አካል ነበር፤ ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ አልተላጠም፤ እኔም እጥባታለሁ፣ እቀባታለሁ፣ በአንድ ወር ውስጥም ውኃ ላይ ትሆናለች ብዬ ደመደምኩ። ዕድሜውን በሐይቁ ላይ የጨረሰ አንድ አዛውንት አጥማጅ መጥተው ትንሽ መዶሻ አቀበሉኝና «ልጄ፣ ቀለሙን አትየው፤ ድምፁን ስማው» አሉኝ። ከፊት ጀምሬ በየአንድ ስንዝሩ እያንኳኳሁ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጤነኛው ላሜራ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የሳሳው ደግሞ እርጥብ ካርቶን እንደመምታት ያለ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በሦስተኛውና በአራተኛው ጎድን መካከል መዶሻው ቀለሙን ይዞ ገባ፤ በቀዳዳውም በኩል የውስጡን ጨለማ አየሁ። ሳንቲም የምታህለውን ያችን ቀዳዳ የከበበው የውጭ ቀለም አሁንም ሰማያዊና ለስላሳ ነበር።

የወለሉን ጣውላ ሳነሣ ምክንያቱ ተገለጠልኝ። ጀልባዋን የሠራት ሰው በእያንዳንዱ ጎድን ግርጌ፣ ጎድኑ ከሆዷ ላሜራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ አውራ ጣት የምታሳልፍ ሽንቁር ትቶ ነበር። ወደ ውስጥ የገባ ውኃ በእነዚያ ሽንቁሮች አልፎ ወደ ኋላ ይሰበሰብና ከዚያ ይቀዳል። ከዓመት ዓመት እላዩ ላይ የተደራረበ ቀለም፣ አሸዋና ቅርፊት አሥራ አንዱንም ደፍኗቸዋል። ስለዚህ በሁለት ጎድኖች መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ራሱን የቻለ ገንዳ ሆኖ ነበር፤ ከሐይቁ ይልቅ የበላት ይህ የቆመ ውኃ ነው።

ከፊቷ ያለው የአየር ክፍል የባሰ ነበር። የብረት ጀልባ ውኃ ከሞላት ስለምትሰጥም፣ እንዳትጠፋ የሚያደርጋት ከፊትና ከኋላ የታሸገው ባዶ ክፍል ነው። የተዘጋ ክፍልን ሳይከፍቱ መበየድ ፍንዳታ ሊያስከትል ስለሚችል፣ በያጁ መጀመሪያ በእጅ መሰርሰሪያ ግርጌው ላይ እንድበሳው አዘዘኝ። ስበሳው ቡናማ ውኃ ፈሰሰ፤ ለግማሽ ሰዓት ያህልም አላቋረጠም። አየር ይዞ ሊያንሳፍፋት የተሠራው ክፍል ለስንት ዓመት ውኃ ተሸክሞ እንደኖረ ሳስብ፣ በእሷ ላይ ወጥተው ለሠሩት ሰዎች ልቤ ደነገጠ።

የሳሳውን ቦታ ሁሉ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጠን አወጣን። የመጀመሪያውን ልጣፊ ራሴ ካልበየድኩ ብዬ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ሳስኬደው፣ ሙቀቱ ላሜራውን እንደ ድስት ክዳን አጎበጠው፤ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሁለተኛውን በያጁ ሲሠራ ማዕዘኖቹን አስቀድሞ ክብ አደረጋቸው፤ ሹል ማዕዘን ጫናን ወደ አንድ ነጥብ ስለሚሰበስብ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያም አንድ ስንዝር እዚህ፣ አንድ ስንዝር በተቃራኒው በኩል እያለ፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ እየጠበቀ አገናኘው።

ብየዳው ውኃ የማያሳልፍ መሆኑን የፈተንነው በኖራና በላምባ ነው። በውጭ በኩል በመስመሩ ላይ የተበጠበጠ ኖራ ቀብቼ አደረቅሁት፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ላምባ አስነካሁት። ላምባ ውኃ በማይገባበት ጠባብ ቀዳዳ እንኳ ሰርጎ ስለሚያልፍ፣ ክፍተት ካለ ነጩ ኖራ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሩብ ሰዓት ተንበርክኬ ስጠብቅ ሁለት ነጥቦች ብቅ አሉ፤ ሁለቱም በሞተሩ መቀመጫ ጥግ ነበሩ። እነሱም ተሞርደው እንደገና ተበየዱ።

በቀለሙ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ መጽዳት አለበት፣ የጠዋቱ ጤዛ ሳይደርቅም አንቲ ረስት (ዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያ ቀለም) መቀባት የለበትም። ከውጭው ይልቅ የውስጡን አብዝቼ ቀብቻለሁ።

ሞተሩን በተመለከተ ግን ለአዲስ ገዢ የምለው አለኝ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የቤንዚን ሞተርም በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው እዚህ 12 ያህሉን ብቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው የፕሮፔለሩ ምላስ ጥምዘዛ አነስ ያለ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን ሳያገኝ ይደክማል።

ውኃ ላይ ባወረድናት ጠዋት ነፋስ አልነበረም። አዛውንቱ ከፊቷ ጫፍ ተቀመጡ፤ የወለሉን ጣውላ ገና አልመለስኩትም ነበርና አንድ ጀሪካን ውኃ ከፊተኛው ጎድን አጠገብ አፈሰስኩ። ውኃው ትንሽ ቆም አለ፤ ከዚያም በመጀመሪያው ሽንቁር አለፈ፣ በሁለተኛውም አለፈ፤ እየቀጠነ አሥራ አንዱንም ተሻግሮ እግሬ ሥር ደረሰ።