ቲቪው ይዘገያል ያለው ልጅ

የፕሌይስቴሽን ቤት ሕግ የታወቀ ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቀጥላል። ለባለቤቱ የሚመች ሕግ ነው፤ ሒሳቡ ያለ ክርክር ይሰበሰባል፣ ወንበሩም ባዶ አይውልም። ለጀማሪው ግን ጨካኝ ነው። የሚችለው ሲጫወት ይውላል፣ የማይችለው ከፍሎ ይወጣል። ደሴ ውስጥ እኔ የምሠራበት ቤትም በዚሁ ሕግ ነበር የሚተዳደረው። የእሁዱን ውድድር የማዘጋጀት ሥራ ለእኔ ከተሰጠ ወዲህ ስታገል የኖርኩት ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

ቀኑን እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ያደረግነው ከልጆቹ ጋር ተመካክረን ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፣ በትምህርት ቀን ደግሞ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አናስገባም። ረመዳን ሲገባ ጾመኞቹ ለፍጡር ቤታቸው እንዲደርሱ 11 ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ አለብን። ቀኑ አንዴ ከተቆረጠ አይነካም፤ ስድስት ሰው ብቻ ቢመጣም ውድድሩ ይካሄዳል። ይህን የተማርኩት ከቅሬ፣ ማለትም ከዕድር ነው። የሰፈራችን ቅሬ ለዘመናት የቆየው ሁልጊዜ ሰው ስለሚሞላ አይደለም፤ ቀኑ ስለሚታወቅ ነው። «ዛሬ አለ ወይስ የለም?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ገጠመኙ እንዲህ ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጣ አንድ ልጅ ነበረን። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ የሐረጎ ዳገት ነው፤ የሚኒባስ ደርሶ መልስ ከኪሱ ይከፍላል። ያን እሁድ 16 ተጫዋቾች ተመዝግበው ነበር። ጨዋታው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 የጨዋታውን ስም ቢቀይርም እኛ ጋ ዛሬም የሚጠራው ፊፋ ተብሎ ነው። የልጁ ዕጣ ባለቤቱ በቅርቡ በገዛው ትልቅ ቲቪ ላይ ወደቀ። ሁሉም የሚሻማው ለዚያ ቲቪ ነበር።

1 ለ 0 ተሸነፈ። ጆይስቲኩን በቀስታ አስቀምጦ እኔ ስም ወደምጽፍበት ጠረጴዛ መጣ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቲቪ ይዘገያል። እኔ ከተጫንኩ በኋላ ነው ተጫዋቼ የሚዞረው።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። «የደሴ ብርድ እጅህን ይዞት ነው!» አለ አንዱ። ባለቤቱም ቅር ብሎት «ገና ላስቲኩ ያልተላጠ ቲቪ እንዴት ይዘገያል?» አለ።

«አብሽር፣ ቁጭ በል፤ እናየዋለን» አልኩት። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ያየሁት ነገር ቢኖር የተሸናፊን አቤቱታ የሚሰማ ሰው እንደማይገኝ ነው። አሸናፊ ስለ ዕቃው አያማርርም፤ ስለዚህ የዕቃውን ጉድለት የሚነግረን ሰው ካለ የተሸነፈው ነው።

ሥራዬ የሆነውን ሠራሁ። ስልኬ በሴኮንድ 240 ምስል ይቀርጻል። አንዱን ልጅ ጆይስቲኩን ከስክሪኑ ፊት ከፍ አድርጎ እንዲይዝ አደረግሁና አውራ ጣቱም ስክሪኑም በአንድ ቀረጻ ውስጥ እንዲገቡ አድርጌ ቀረጽኩ። ከዚያ ቀረጻውን ምስል በምስል እየገፋሁ ጣቱ ቁልፉን ከተጫነበት ተጫዋቹ እስከተንቀሳቀሰበት ድረስ ቆጠርኩ። በአሮጌው ትንሽ ቲቪ ወደ 24 ምስል ሆነ። በአዲሱ ወደ 48። ልዩነቱ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ነው። ጨዋታው በሴኮንድ 60 ምስል ስለሚሄድ፣ በአዲሱ ቲቪ ፊት የተቀመጠ ሰው ከአሮጌው ይልቅ ስድስት ምስል ወደኋላ የቀረ ነገር እያየ ነው ማለት ነው። ኳስ ለመንጠቅ እግር በሚሰነዘርበት ቅጽበት ይህ ብዙ ነው።

ምክንያቱ ቲቪው መበላሸቱ አይደለም። ዘመናዊ ቲቪ ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ያሳምረዋል፦ ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፣ ጠርዙን ያጠራል። ለዚያ የሚፈጅበት ጊዜ ፊልም ለሚያይ ሰው አይታወቅም፤ ለተጫዋች ግን እጅ የሚይዝ ነገር ነው። መፍትሔው እዚያው ቲቪው ውስጥ አለ። የምስል ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ጌም ሞድ የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው፤ ያኔ ማሳመሩን አብዛኛውን ይተወዋል። አስተካክዬ ደግሜ ስቆጥር ከአሮጌው ጋር ሊቀራረብ ምንም አልቀረውም።

ባለቤቱ «ቀለሙን ገደላችሁት!» አለ። እውነቱን ነው፣ ደብዘዝ ብሏል፤ ያ ድምቀት ደግሞ መንገደኛን ከፒያሳ ጎትቶ የሚያስገባለት ነበር። እሁድ እሁድ በጌም ሞድ፣ በሌላው ቀን እንደ ፈቃዱ ብለን ተስማማን።

ከዚያ ክርክር ተነሣ። «ሁለቱም በአንድ ቲቪ ነው የተጫወቱት፤ መዘግየቱ ለሁለቱም እኩል ነው» ያሉ ነበሩ። የሚያሳምን ይመስላል፤ እኔ ግን አልተቀበልኩትም። አሸናፊው ደንበኛችን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ቲቪ ላይ ሲጫወት ጣቱ መዘግየቱን ለምዶ ቀድሞ መጫን ይዟል። ከሌላ ከተማ የመጣው ልጅ ይህን የለመደበት አጋጣሚ የለም። ቢሆንም ውጤቱን አልሻርኩም፤ ስንለካ ቀጣዩ ዙር ተጀምሮ ነበር፣ ሌላ ሁለት ልጅ መበደል ይሆናል። ይህንኑ ለልጁ ፊት ለፊት ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ «ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ለአንድ ጨዋታ ነው የመጣሁት ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከቲቪው በላይ ያሳሰበኝ ይህ ጥያቄ ነው። 16 ሰው በጥሎ ማለፍ ሲጋጠም ጨዋታው በጠቅላላ 15 ነው፤ ስምንቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ይሰናበታሉ። የሚሰናበቱት ደግሞ ሳምንት ተመልሰው እንዲመጡ የምንፈልጋቸው ጀማሪዎች ናቸው። ተሸናፊን የማባረሩን የቤቱን ሕግ በውድድር ስም ደግመነው ነበር።

ስለዚህ ወደ ምድብ ዞርን። አራት ምድብ፣ በእያንዳንዱ አራት ሰው፤ ማንም ቢሆን ሦስት ጨዋታ ሳይጫወት አይሄድም። የምድቡ 24 ጨዋታ ነው፤ ከሩብ ፍጻሜ እስከ ፍጻሜ 7 ሲጨመር 31። አንዱ አጋማሽ 4 ደቂቃ ሲሆን፣ ቡድን መምረጡን ጨምሮ አንድ ጨዋታ 12 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በሦስት ቲቪ ሒሳቡ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ የኮምቦልቻ ልጆች ሳይመሽ ሚኒባስ ያገኛሉ። ጠንካሮቹን አራት ልጆች በአራቱ ምድብ እንበትናለን፣ የቀረው በዕጣ ነው። ከምድቡ በዚያ ሰዓት የማይጫወተው ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ደቂቃና ጎል ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ መብራት ሲጠፋ ያድነናል፦ መብራቱ ሲመለስ አዲስ ጨዋታ ከፍተን የቀረችውን ደቂቃ ብቻ እናስጫውትና ጎሉን ከተጻፈው ጋር እንደምራለን። ሽልማቱ ገንዘብ አይደለም፣ የነጻ መጫወቻ ሰዓት ነው፤ እናቶች ቁማር ነው ብለው እንዲሠጉ አልፈልግም፣ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም።

እንዲህ ያለ የሰፈር ውድድር ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ስላለ ይህንንም ልንገር። ዛሬ በውጊያ ጨዋታዎች የዓለም ትልቁ መድረክ የሆነው ኢቮ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጀመር የተሰበሰበው 40 ሰው ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አርስላን አሽ የሚባል የላሆር ልጅ በቴከን 7 ፉኩኦካ ላይ የጃፓኑን ኢቮ፣ በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ላይ ዋናውን ኢቮ ወሰደ። ፓኪስታን በዚህ ጨዋታ ያን ያህል ስም አልነበራትም። ልጁ የተሳለው ግን እዚያው በሀገሩ፣ እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚፋለሙ ልጆች ጋር ነው። የእኛዎቹስ ምን ያንሳቸዋል? የሚያንሳቸው የታወቀ ቀንና የማይዘገይ ቲቪ ነው።

የኮምቦልቻው ልጅ በቀጣዩ እሁድ ቀረ። በሌላኛው መጣ፣ ከምድቡም አላለፈም፤ ሦስቱን ጨዋታ ተጫውቶ፣ የሌሎቹን ውጤት ጽፎ ሄደ። አሁን እሱና ጓደኞቹ በወር አንዱ እሁድ እነሱ ከተማ ይሁን እያሉ ነው። የደሴ ልጆች ቁልቁለቱን ለመውረድ ፈቃደኞች ናቸው። የቀረው ባለቤቱን ማስፈቀድ ነው። ትልቁን ቲቪ አላስነካም ብሏል፤ ሁለቱን ትንንሾቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በሚኒባስ ብንወስዳቸው ግን የሚቃወም አይመስለኝም።